አይ ሰቨን፤ ግን ስንተኛ ጄኔሬሽን?

ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣልያን በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ይሠራ ከነበረበት ተቋም፣ ከ‹‹ካዛ ኢንቺስ›› የመጣ ነው። ጣልያን ሄደ፣ ስሙ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ በብዛት ሲፈርስም ስሙ አልፈረሰም። የላፕቶፕ ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው፤ ውስጡ ይለወጣል፣ ስሙ ይቀጥላል።

ቂርቆስ ውስጥ አንድ ሱቅ ያየሁት አባት ለልጁ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ መጥቷል። አንዱ አይ ሰቨን 7500ዩ፣ ሌላው አይ ፋይቭ 8250ዩ ነው። ‹‹ጋሼ፣ አይ ሰቨኑን ይውሰዱለት፤ ፍጥነቱም 2.7 ነው፣ የዚህኛው 1.6!›› አለ ሻጩ። አልዋሸም።

ጊጋኸርዝ ማየት ያስለመዱን ኩባንያዎቹ ራሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 ኢንቴልና ኤኤምዲ 1 ጊጋኸርዝ ለመድረስ ሲሽቀዳደሙ ኤኤምዲ በሁለት ቀን ቀደመ። ከዚያ ፔንቲየም 4 መጣ፤ ቁጥሩ ትልቅ፣ ሙቀቱም ለጉድ! ኢንቴል በ2003 ለላፕቶፕ ያወጣው ፔንቲየም ኤም ግን በ1.6 ጊጋኸርዝ ብቻ ከእሱ በላይ ከሚቆጥሩት ጋር ተፎካከረ፤ በአንዱ ምት ብዙ ሥራ ይሠራ ነበርና። በ2004 ኩባንያው የ4 ጊጋኸርዙን ፔንቲየም 4 ዕቅድ ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ ፉክክሩ በኮር ብዛት ሆነ። ኮር ማለት ራሱን ችሎ የሚያሰላ ክፍል ነው።

ወደ ሱቁ እንመለስ። በ2016 የወጣው አይ ሰቨን ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው። በ2017 የወጣው አይ ፋይቭ አራት። ሁለቱም የተሠሩት ለ15 ዋት ነው፤ ሥራ ሲበዛባቸውም ሁለቱም ወደ 3.5 ጊጋኸርዝ ይጠጋሉ። 1.6 የመነሻው ነው እንጂ የጣሪያው አይደለም።

ዋናው ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 11ን በ2021 ሲያወጣ ከኢንቴል በኩል የተቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከስምንተኛው ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ስለዚህ ‹‹አንደኛው›› ከደጅ ቀረ፣ ‹‹ሁለተኛው›› ገባ። ገንዘቡን ቆጥሮ ለሚገዛ አባት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጄኔሬሽኑ ያለው ‹‹አይ ሰቨን›› ከሚለው ቀጥሎ ባለው ቁጥር ላይ ነው። 7500 በ7 ይጀምራል፣ ሰባተኛ ነው፤ 8250 ስምንተኛ። ከአሥረኛው ወዲህ ሁለቱን አኃዝ ማየት ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ‹‹ዩ›› ኃይል ቆጣቢ ማለት ናት። ተለጣፊው ላይ ካልተጻፈ ማሽኑን አስከፍቶ ማየት ነው፤ ሻጭ ይከፋው ይሆናል፣ ይክፋው።

ኢንቴል በ2023 መጨረሻ ባወጣቸው ኮር አልትራዎች ላይ ‹‹አይ››ን ራሱ አስቀርቷታል። ያገለገለ ዕቃ በሚሸጥበት ግን ገና ብዙ ዓመት ‹‹አይ ሰቨን ነው እኮ!›› መባሉ አይቀርም።