ራስ ፍልጠትና ታሪኩ

በአገው ምድር፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ ባለው አገር፣ እንጨት ፈላጭ መጥረቢያውን ሲያሳርፍ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። አማርኛችንም ብርቱውን የራስ ሕመም «ራስ ፍልጠት» ሲል የሰየመው ይህንኑ ሥራ አስታውሶ ነው። በሁለተኛው ምዕት ዓመት የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ጋሌን «ሄሚክራኒያ»፣ ማለት «የራስ ቅል እኩሌታ» ብሎ የጠራው ሕመም ዛሬ ሚግሬን ይባላል፤ ስሙም የወጣው ከዚያው ቃል ነው።

ማናቸውም የራስ ሕመም ግን ሚግሬን አይደለም። በብርድ ወራት በዝግ ቤት ከሰል አንድዶ የሚቀመጥ ሰው ራሱን ቢያመው መመረዝ ነውና ፈጥኖ ወደ ነፋስ መውጣት ይገባዋል። ሚግሬን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን እንደ ልብ ምት እየመታ፣ ሳይታከም ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቈያል፤ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። አንዳንዱም ሰው አስቀድሞ በዓይኑ ፊት ብልጭታ ይታየዋል። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ ማሳለፍ፣ ድካም፣ የለመዱትን ቡና በድንገት መተው ይቀሰቅሱታል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ራስ ምታትን «ምች ነው» እያሉ ዳማከሴ አሽተው ይቀቡ፣ ጭማቂውንም በቡና ይጠጡ ነበር፤ ዛሬም አልቀረም። በአውሮፓ በ1918 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) አርተር ሽቶል የተባለ የስዊስ ኬሚስት በእህል ላይ ከሚበቅል ሻጋታ ኤርጎታሚን የተባለውን መድኃኒት ለይቶ አወጣ። ሜጀር ቺዝማን የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ መቀመጥ በጀመረበት በ1925 ገደማ፣ ይህ መድኃኒት በስዊስ አገር ለሚግሬን ይሞከር ነበር። ሱማትሪፕታን ለገበያ የቀረበው ግን በ1991 ነው።

በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በ1995 ባሳተሙት የገጠር ጥናት ሚግሬን ያለባቸው ከመቶ 3 ያህል ሆነው ተገኙ፤ በ2016 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ከመቶ 17 በላይ አገኘ። የአጠያየቁ ስልት ስለሚለያይ በሽታው ጨመረ ብለን አንደመድምም፤ ነገር ግን የጥቂቶች ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን።

ሕመሙ እንደ ጀመረ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድ፣ በጨለማ ክፍል ማረፍ ይረዳል። ሆኖም ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ከተወሰደ መድኃኒቱ ራሱ የራስ ሕመም ያመጣል። የሚደጋገምበት ሰው ሐኪም ዘንድ ቢቀርብ እንደ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ያሉ መከላከያዎች ሊታዘዙለት ይችላሉ። ሕመሙ በድንገት እጅግ ቢበረታ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ቢጨመርበት፣ ወይም እጅና እግር ቢዝል ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል።

ሚግሬን ከውጭ የሚታይ ቍስል የለውም። ስለዚህ ተማሪው ግንባሩን በጠረጴዛ ላይ ቢደፋ፣ ጸሐፊዋም መስኮቱን ብትጋርድ፣ መምህሩና አለቃው «ስንፍና ነው» ከማለታቸው በፊት «ራስህን ያምሃል? ራስሽን ያምሻል?» ብለው እንዲጠይቁ አደራ እንላለን።