መደቡና ቅርንጫፉ፦ የዛንዚባር አሮጌ ከተማ በነጋዴ ዓይን

ዛንዚባርን ብዙዎቻችን የምናውቃት በቅርንፉዷ ነው። ከዳሬሰላም በፈጣን ጀልባ ተነሥተው ሁለት ሰዓት ገደማ ከተጓዙ በኋላ የሚወርዱት፣ ስዋሂሊዎቹ ምጂ ምኮንግዌ፣ ማለትም አሮጌው ከተማ፣ በሚሉት ሰፈር ደጃፍ ላይ ነው። ሌላው ዓለም ስቶን ታውን ይለዋል። ይህን ሰፈር የሠራው ነጋዴ ነው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም፤ ስለዚህ ታሪኩ እኛንም ይመለከተናል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኦማኑ ሱልጣን ሰይድ ሰዒድ መቀመጫውን ወደ ዛንዚባር ያዞረው በ1840 ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ በዝሆን ጥርስ፣ በቅርንፉድና በባሪያ ንግድ በለጸገች። ሦስተኛውን መርሳት አይገባም፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ የእኛም ሰው አለ። በ1873 በእንግሊዞች ግፊት የባሪያ ገበያውን የዘጋው ሱልጣን ባርጋሽ እናቱ ሐበሻ ነበረች፤ ወደ ሱልጣኑ ቤት የገባችውም በቁባትነት ነው።

ቤቶቹ የተሠሩት በኮራል ድንጋይና በኖራ ነው። ጣሪያና ወለሉን የሚሸከመው ቦሪቲ የሚባል ግንድ ሲሆን፣ እሱም በባሕር ዳር ረግረግ ከሚበቅለው የማንግሮቭ ዛፍ የሚቆረጥ ነው። ከሩፊጂ ወንዝ መፍሰሻና ከላሙ በኩል በባለ ሸራ ጀልባ ይመጣ ነበር። ግንዱ ርዝመቱ ከሦስት ሜትር ብዙም ስለማያልፍ የክፍሉ ስፋትም ከዚያ አይበልጥም። ሀብታምም ይሁን መካከለኛ፣ ሁሉም በዚያው እንጨት ልክ ሠራ። የሰፈሩ ቤቶች እርስ በርስ የሚመሳሰሉት አንዱም በዚህ ምክንያት ነው።

ነጋዴን የሚመለከተው ግን ከበሩ ውጭ ያለው ነው። የብዙዎቹ ቤቶች ግድግዳ ሥር ባራዛ የሚባል የድንጋይ መቀመጫ አለ፤ እኛ መደብ የምንለው ዓይነት። የቤቱ ጌታ እንግዳውን ወደ ጓዳ ሳያስገባ እዚያው ያስቀምጠዋል፤ ቡና ይቀርባል፤ ዋጋ ይነገራል፤ ዱቤ ይያዛል። ዝናብ ጥሎ ጠባቡ መንገድ በውሃ ሲሞላ ደግሞ አላፊ አግዳሚው የሚሄደው በመደቡ ላይ ነው፤ የማንም ይሁን፣ ማንም ይረግጠዋል።

በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው ንግድ ቤት ለዚህ ሰፈር አዲስ አይደለም። ከሕንድ ከካች የመጣው የጃይራም ሺቭጂ ንግድ ቤት ከ1830ዎቹ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት የዛንዚባርን ጉምሩክ በኮንትራት ይሰበስብ ነበር። ገንዘቡና ዘመዱ በሙስካትም በቦምቤይም ነበረ። የጉጃራት ነጋዴዎችም ከመንገዱ ፊት ለፊት ሱቅ፣ ከጀርባና ከፎቅ መኖሪያ ያለው ቤት ሠሩ። የራሳቸውን አመል ይዘው መጥተዋል፤ የተቀረጸ በር፣ የእንጨት ሰገነት። ግን ያንን ሁሉ የሰቀሉት በመንገዱ ልክ ነው። ሻጩ ከሱቁ በላይ ያድር ነበር፤ ልጆቹ የጎረቤት ልጅ ጋር ይጫወታሉ፤ ታዲያ ጎረቤቱን አስቀይሞ ለማን ይሸጣል?

ከ1964ቱ አብዮት በኋላ ብዙ ቤቶች ተወረሱ፤ ብዙ ነጋዴም ተሰደደ። ጥገና ያጣ ኖራ ዝናብ አይችልምና ቤቶቹ መፍረስ ጀመሩ። በ2000 ዩኔስኮ ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ዋናው ጥያቄ ጥገናውን ማን ይከፍላል የሚል ነበር። መልሱ በአመዛኙ ቱሪስት ሆነ፤ ከቱሪስት ጋር ደግሞ ሆቴል መጣ።

ሻንጋኒ በሚባለው ሠፈር ባሕሩ ዳር ማምቦ ምሲጌ የሚባል ቤት አለ። በ1850 አካባቢ አንድ ዓረብ ባለጸጋ ያሠራው ሲሆን ኖራው በእንቁላል ተለውሷል የሚል አፈ ታሪክ አለው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አትምሰሉት» እንደማለት ነው። የእንግሊዝ ቆንስላ፣ ሆስፒታልና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆኖ ኖሯል። በ2015 ከጎኑ ከተሠራው አዲስ ሕንፃ ጋር ፓርክ ሃያት ሆቴል ሆኖ ተከፈተ። የዓለም ቅርስ ኮሚቴው በተደጋጋሚ ቅሬታውን ገልጿል፤ አዲሱ ሕንፃ ለአካባቢው እጅግ ገዝፏል የሚል ነው። በእኛ ግምት ቅሬታው እውነት አለው። አሮጌው ቤት ታድሷል፤ ይህ ሊመሰገን ይገባል። የአዲሱ ልክ ግን የተወሰደው ከሰፈሩ ሳይሆን አንድ ትልቅ ሆቴል ትርፋማ እንዲሆን ከሚያስፈልገው የክፍል ብዛት ይመስላል።

እዚያው ሻንጋኒ ውስጥ ሌላ ምሳሌ አለ። በናይሮቢና በካምፓላም ሆቴል ያለው ሴሬና በ1997 የገባው በቀድሞው የቴሌኮም ሕንፃ ውስጥ ነው። እሱም ቅርንጫፍ ነው፤ እሱም ለትርፍ ነው የመጣው። ግን የገባው ነባሩን ቤት አድሶ ነው። ስለዚህ ጥፋቱን «ትልቅ ኩባንያ» በሚለው ስም ላይ ብቻ መለጠፍ አያስኬድም።

ጉዳዩ ወደ እኛም ቤት ይደርሳል። በሐረር ጁገል፣ ከፈረስ መጋላ ሳይርቁ፣ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ያሠሯቸው ባለ እንጨት ሰገነት ቤቶች ቆመዋል፤ የራምቦ ቤት የሚባለው አንዱ ነው። በዚያው የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ የመጡ ሰዎች ሥራ ናቸው። ጁገል ከ2006 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በየከተማችን ግን የባንክና የሞባይል ድርጅት ቅርንጫፍ ሲገባ አንድ ዓይነት መስታወት፣ አንድ ዓይነት አልሙኒየም፣ አንድ ዓይነት ቀለም ይዞ ነው። በረንዳው በመስታወት ይዘጋል፤ በረንዳው ሥር ተቀምጦ የነበረው ልብስ ሰፊ፣ ደላላና ሻይ ሻጭ ይነሣል።

ከአንባቢዎቻችን መካከል በአሮጌ ሰፈር ቤት ያላችሁና ለቅርንጫፍ የምታከራዩ አላችሁ። ጥሩ ኪራይ ነው፤ ተቀበሉት። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት ግን ሦስት ነገር አጽፉ፦ በረንዳው ክፍት እንዲቆይ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ከሰገነቱ በታች እንዲሆን፣ ግድግዳው በኖራ እንጂ በሲሚንቶ እንዳይለሰን። ተከራዩ ሲሚንቶው ይጠነክራል ይላችሁ ይሆናል። በኖራ የተገነባ አሮጌ ግድግዳ ግን ርጥበቱን ማስወጣት አለበት፤ ሲሚንቶ ያንን ይከለክለዋል፤ ኪራዩ ካበቃ በኋላ ግድግዳው ለእናንተ ነው የሚቀረው።