ከአያት እስከ ለገሃር

ባለፈው እንቁጣጣሽ ማግስት ዘጠኝ አያቶች አሥራ አራት የልጅ ልጆቻችንን ይዘን ከአያት ጣቢያ ቀላል ባቡር ተሳፈርን። የሰፈሩ ስም ለልጆቹ ትልቅ ሳቅ ሆነ፤ «አያት ከአያት ተሳፈረች» እያሉ እስከ ሲኤምሲ አላቆሙም።

ለጋሾቻችን እንዳይሰጉ አስቀድመን እንናገር። ከማኅበሩ ካዝና አንድ ሳንቲም አልወጣም፤ ሁሉም ቲኬቱን የገዛው ከራሱ ኪስ ነው። ያም ሆኖ ጉዞው በስብሰባ አከራክሮን ነበር። «ባቡር ምኑ ይታያል? ልጆቹ በየቀኑ ከመንገድ ዳር ያዩት የለም ወይ?» ያሉ ነበሩ። ሒሳብ የምንይዘውም ከእነሱ ወገን ነበርን። ሐሳባችንን ያስቀየሩን ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉት እናታችን ናቸው። «ልጆቹ የሚያውቁት የከተማውን ባቡር ነው። እኔን ያሳደገኝ ሌላው ነው» አሉ።

ያ ሌላው ባቡር ብዙ ደክሞ ነው እዚህ የደረሰው። አጤ ምኒልክ ፈቃዱን ለስዊዛዊው አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ በኩል ተጀመረ። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር፤ ተራራው ስላስቸገረ ግን ሐዲዱ በቆላው አለፈ። በ1895 ዓ.ም. የደረሰበት ሜዳ ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ ድሬዳዋ ማለት እሱ ነው። ከዚያ ኩባንያው ገንዘብ አለቀበት፤ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝና ጣሊያንም በሐዲዱ ጉዳይ ይሻኮቱ ጀመር። (በጀት መንገድ ላይ ሲያልቅ ምን እንደሚመጣ ለማወቅ የሚፈልግ ሒሳብ ያዥ ይህን ታሪክ ያንብብ።) ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ በ1906 ዓ.ም. አርፈው ስለነበር አላዩትም።

በመጽሐፍ ያለው ይሄ ነው። እናታችን ለልጆቹ የነገሯቸው ግን ሌላ ነው። እናታቸው ባቡሩ በሚቆምበት ጣቢያ በመስኮት በኩል የኤረር ብርቱካንና ቅቅል እንቁላል ይሸጡ ነበር። ባቡሩ ሲያፏጭ ቅርጫታቸውን ይዘው ይሮጣሉ፤ አንዳንዱ ተሳፋሪ ብርቱካኑን ተቀብሎ ገንዘቡን ሳይሰጥ ባቡሩ ይነሳል። «ስንቱ አለብን እያለ ሄደ!» አሉና ሳቁ። ማታ የተገኘው ሳንቲም በጨርቅ ተቋጥሮ ይቀመጣል፤ ደብተርና እስክሪብቶ የሚገዛው ከዚያ ነበር። ዛሬ በማኅበራችን ቁጠባቸውን አንድም ወር ሳያጓድሉ የሚያስገቡት እሳቸው ናቸው፤ የት እንደለመዱት ያን ቀን ገባን።

የእኛ አረንጓዴ ባቡር ዕድሜው ገና ነው። ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ሲሆን፣ ያኔ ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በሥራ ቀን መገናኛ ላይ ልጅ ይዞ መግባት የማይታሰብ ነው፤ በዓል የመረጥነውም ለዚሁ ነው። ልጆቹ በመስኮት እያዩ ጉርድ ሾላን፣ ሃያ ሁለትን፣ ዑራኤልን እየጠሩ ቆጠሩ።

ለገሃር ወርደን ከአንበሳው ሐውልት ሥር ቆምን። ሐውልቱ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ሮም ተወስዶ የተመለሰ መሆኑን ሲሰሙ ወንዶቹ ልጆች በአክብሮት አዩት። ለገሃር የሚለው ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የመጣ ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከአንበሳው ኋላ ያለውን የድሮ ጣቢያ ከውጭ ሆነን አየነው። ከዚህ ወደ ድሬ የሚሄደው ባቡር ከቆመ፣ ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ ዓመት ሆኖታል። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ቢመረቅም መነሻው ለቡ በኩል ነው፤ ጣቢያዎቹም ከየከተማው ወጣ ያሉ ናቸው። ፈጣንና ጥሩ ባቡር ነው፤ ቅርጫት ይዛ ለምትሮጥ ሴት ግን አልታሰበለትም።

እናታችን ከዘንቢላቸው አሥራ አራት ብርቱካን አውጥተው አደሉ። አንዷ የልጅ ልጅ «እማማ፣ ድሬዳዋ መቼ ነው የምንሄደው?» ብላ ጠየቀች። መልስ አልነበረንም። በማግስቱ ግን በቁጠባ ደብተራችን «የድሬዳዋ ጉዞ» የሚል አዲስ ገጽ ከፈትን፤ እስካሁን ስድስት አያቶች የመጀመሪያውን መዋጮ አስገብተዋል።