የዐባዳን የባሕር መብራት



የዛሬው የታሪክ ዝግጅታችን ስለ ጦር ሜዳም ስለ ቤተ መንግሥትም አይደለም። ጤግሮስና ኤፍራጥስ ተገናኝተው ወደ ባሕረ ሰላጤው በሚገቡበት ረግረግ፣ ከዐባዳን ወዲያ ውሃው ውስጥ ቆመው ሌሊት ሌሊት መብራት ይበራባቸው ስለነበሩ የእንጨት ማማዎች ነው። ዐረቦች «ኸሸባት» ይሏቸዋል፤ «እንጨቶቹ» ማለት ነው። ስማቸው ይኸው ብቻ ነው።

ነገሩ ከበስራ ይነሳል። በስራን በዑመር (ረ.ዐ) የኸሊፋነት ዘመን የቆረቆሩት ዑትባ ኢብን ገዝዋን (ረ.ዐ) ሲሆኑ፣ የሲራ ጸሐፊዎች ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሐቦች መካከል ይቆጥሯቸዋል። ቀይ ባሕርን በስደት የተሻገሩት እኚህ ሰው ኡቡላ የተባለውን ጥንታዊ ወደብም የያዙ ናቸው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ከዑማን፣ ከሲራፍ፣ ከህንድና ከቻይና የሚመጡ መርከቦች ወደ ኡቡላና ወደ በስራ ይጎርፉ ጀመር።

ግን መግቢያው አደገኛ ነበር። ሁለቱ ወንዞች ያመጡትን ደለል ባሕሩ አፍ ላይ ይጥሉታል። ውሃው ከላይ ሲያዩት ሰፊ ነው፤ ከሥሩ ግን ጭቃና አሸዋ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ዕቃ የጫነ ትልቅ መርከብ በጉድለት ሰዓት መሬት ከነካ የሚያላቅቀው የለም። የዚያ ባሕር መርከቦች ደግሞ ብዙዎቹ ሳንቃቸው በምስማር የተመታ ሳይሆን በኮኮናት ገመድ የተሰፋ ነበር። በከዋክብት የሚመራ ካፒቴን አቅጣጫውን አይስትም፤ ከዋክብት በየብስና በባሕር ጨለማ መመሪያ መሆናቸው በሱረቱል አንዓም ተወስቷል። ከሥሩ ያለውን ጭቃ ግን ኮከብ አያሳየውም።

ታሪክ ጸሐፊው አል-መስዑዲ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ በጻፈው መጽሐፉ ከዑማንና ከሲራፍ የሚመጡ መርከቦች አደገኛው ቦታ ላይ እንዳይወድቁ ሌሊት እሳት የሚነድባቸው፣ በባሕሩ መካከል እንደ ወንበር የቆሙ ሦስት የእንጨት ሥራዎች እንደነበሩ ይገልጻል።

ከመቶ ዓመት በኋላ ፋርሳዊው መንገደኛ ናሲር ኹስረው መጣ። በ443 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1052) ከበስራ በጀልባ ወጥቶ ዐባዳን ደረሰ። ዐባዳን ዙሪያዋን ውሃ የከበባት ደሴት መሰል ሥፍራ ስትሆን፣ ባሕሩ ሲሞላ ከግንቧ ሥር ይደርስ ነበር። ለዒባዳ የተገለሉ ዛሂዶች የሚኖሩባት ሪባጥም ናት። የምንጣፏ ስም በየአገሩ የታወቀ ነበርና የናሲር ተሳፋሪዎችም ከመርከብ ወርደው ምንጣፍና ስንቅ ሸመቱ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ መርከቡ ወደ ባሕር ወጣ። አሥር ፈርሰኽ እስኪሄዱ ድረስ ይጠጡ የነበረው ጣፋጭ ውሃ ነበር፤ የወንዙ ውሃ እንደ ምላስ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ ኖሯል።

ፀሐይ ስትወጣ ከሩቅ ድንቢጥ የምታህል ነገር ታየችው። በቀረቡ ቁጥር ተለቀች። ነፋሱ ፊቱን አዙሮባቸው ሸራ ሰብስበው መልሕቅ ሲጥሉ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ኸሸብ» አሉት።

እንግዲህ በቅርብ ያየውን ሲገልጽ፣ ሳጅ ከተባለው የህንድ እንጨት የተሠሩ አራት ግዙፍ ምሰሶዎች ከሥር ሰፍተው ከላይ እየጠበቡ ቆመዋል፤ ቅርጻቸው ድንጋይ መወርወሪያ መንጀኒቅ ይመስላል። ከፍታቸው በፋርስ ክንድ 40 ነው። አናታቸው ላይ ድንጋይና ጡብ ተደልድሎ፣ ከዚያ በላይ ጠባቂው የሚቀመጥበት ባለ አራት ቅስት ማረፊያ ተሠርቷል። ነፋስ እንዳያጠፋው መብራቱ በብርጭቆ ውስጥ ይበራል። ሥራው ሁለት ነው፤ አንደኛው መርከቦች ጥልቀት ከሌለው ቦታ እንዲጠነቀቁ፣ ሁለተኛው አቅጣጫ እንዲያውቁና የባሕር ወንበዴ ቢመጣ አይተው መርከባቸውን እንዲመልሱ ነው።

ማን አሠራው? አንዳንዱ ትልቅ ነጋዴ ነው አለው፤ ሌላው ንጉሥ ነው አለው። ሠሪው በ443 እንኳ ተረስቷል ማለት ነው። ማማው ላይ ያደረው ጠባቂም ስሙ አልተጻፈም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የኢማን ቅርንጫፎችን ሲዘረዝሩ የመጨረሻው ከመንገድ ላይ ጎጂን ነገር ማስወገድ መሆኑን አስተምረዋል። የባሕር መንገድ እንቅፋት ግን ተነስቶ የሚጣል አይደለም፤ የሚቻለው ማሳየት ብቻ ነው። ያ ጠባቂ ሌሊቱን ሙሉ የሚያድነው ሰው ከየት እንደመጣ፣ ሃይማኖቱም ምን እንደሆነ አያውቅም።

የበስራን ሀብት ስናወሳ ይህም አይዘለል። በዚያው አካባቢ ረግረግ የዘንጅ ባሮች ከመሬቱ ላይ ጨው እየጠረጉ በረሃብ ይሠሩ ነበር። በ255 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 869) ተነስተው 14 ዓመት ተዋጉ፤ ኡቡላም ተቃጠለች። መብራቱ ለመርከበኛው ሲበራ ለእነዚህ ሰዎች ያበራላቸው አልነበረም። ስለ ኸሸባት አምሮ የሚጻፈው ብዙ ነገር ይህን አይነካም፤ እኛ ግን መናገሩ ይሻላል ብለናል።

ናሲር የመጀመሪያው ኸሸብ ከዓይኑ ከተሰወረ በኋላ ሁለተኛ አየ። ያው ቅርጽ ነው፤ ግን ጉልላት የለውም። ጀምረው መጨረስ ያልቻሉት ይመስል ነበር።

ደለሉ ሥራውን አላቆመም። ኢብን በጡጣ በ8ኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ ዐባዳንን ሲጎበኝ እርሻ በማይበቅልበት ጨዋማ መሬት ላይ መስጊዶችና የዒባዳ ቤቶች ያሏት ትልቅ መንደር ሆና አገኛት፤ ባሕሩ ግን ሦስት ማይል ርቋት ነበር። ዛሬ ዐባዳን እ.ኤ.አ. በ1912 ሥራ በጀመረው የነዳጅ ማጣሪያዋ የምትታወቅ የኢራን ከተማ ስትሆን፣ ከባሕሩ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ኸሸባቱን የሚፈልግ ሰው መጥለቅ ሳይሆን መሬት መቆፈር ሳይኖርበት አይቀርም።