የአስተማሪውና የጤና ሠራተኛው ኅብረት፤ በምዋንዛ ገጠር የወጣቶች ጤና ትምህርት ታሪክ

በምሥራቅ አፍሪካ ገጠር የሚያልፍ መንገደኛ መንግሥት ለሕዝቡ ያቆማቸውን ሁለት ቤቶች በየወረዳው ያያል፤ አንደኛው ትምህርት ቤት፣ ሁለተኛው ጤና ጣቢያ ነው። ሁለቱ ቤቶች ብዙ ጊዜ በአንድ ሜዳ ዳርና ዳር ቢቆሙም፣ በሥራቸው ግን ሳይገናኙ ዘመን አልፏል። በአንደኛው ቤት አስተማሪው የእጽዋትንና የእንስሳትን ዕድገት ያስተምራል፤ በሁለተኛው ቤት የጤና ሠራተኛው የታመመውን ያክማል። ከልጅነት ወጥቶ ለአካለ መጠን ያልደረሰው ወጣት ግን ስለ ራሱ ሰውነት ለመጠየቅ ቢሻ፣ አስተማሪው ነገሩን ለሐኪም ይተወዋል፤ ሐኪሙም ለወላጅና ለአስተማሪ ይመልሰዋል። በመካከሉ ጥያቄው ያለ መልስ ይቀራል። ይህን ክፍተት ለመዝጋት በታንዛንያ፣ በምዋንዛ አውራጃ የተደረገው ሥራ ፍሬውም ጉድለቱም በሚገባ ስለ ተመዘገበ፣ ለመምህራንና ለትምህርት ሹማምንት ሁሉ ትምህርት የሚሆን ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ነገሩ ከጥንት እንዲህ አልነበረም። በብዙ የምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ጎረምሳና ኮረዳ ስለ ጋብቻና ስለ ሰውነት ጠባይ የሚማሩበት የታወቀ ሥርዓት ነበረ። ለምሳሌ በቡጋንዳ ልጃገረድን የምትመክር የአባቷ እኅት ነበረች፤ በባሕሉም ሴንጋ ተብላ ትጠራለች። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በመጣ ጊዜ ልጁን ከቀኑ የሚበዛውን ሰዓት ከአያትና ከአክስት ወስዶ በራሱ ቅጥር ውስጥ አኖረው። ዳሩ ግን ልጁን ሲረከብ የምክሩን ኃላፊነት አብሮ አልተረከበም። ጊዜውን ከቤተ ዘመድ ወስዶ፣ ሥራውን ግን ለቤተ ዘመድ ተወው። ይህም ጉድለት ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅ ቆየ፤ የገለጠውም ታላቅ መከራ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. ከቪክቶርያ ሐይቅ በስተ ምዕራብ ባለው በካጌራ አውራጃ በታንዛንያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ታወቁ። ምዋንዛ በዚያን ጊዜ ከካጌራ ጋር ይዋሰን የነበረና በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኝ፣ አብዛኛው ነዋሪ የሱኩማ ሕዝብ የሆነ፣ በእርሻ፣ በከብት እርባታና በዓሣ ማስገር የሚተዳደር አገር ነው። በዚያ የታንዛንያ ብሔራዊ የሕክምና ምርምር ተቋም፣ በናይሮቢ በ1957 የተመሠረተው የአፍሪካ ሕክምናና ምርምር ድርጅትና የለንደን የንጽሕና አጠባበቅና የሐሩር አገር ሕክምና ትምህርት ቤት በአንድነት ምርምር ያካሂዱ ጀመር። ከ1991 እስከ 1994 በ12 የገጠር ማኅበረሰቦች በተደረገው ሥራ፣ በስድስቱ ውስጥ ተራ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የአባለ ዘር በሽታዎችን በምልክታቸው ለይተው እንዲያክሙ ሠለጠኑ፤ መድኃኒትም ሳይቋረጥ እንዲደርሳቸው ተደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ በእነዚህ ስፍራዎች አዲስ በኤች አይ ቪ የተያዙት አዋቂዎች ቁጥር ከሌሎቹ ስድስት ማኅበረሰቦች ጋር ሲነጻጸር በ40 ከመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። ትልቅ ሆስፒታል የሌለው የገጠር ጤና ጣቢያ ታላቅ ሥራ ሊሠራ እንደሚችል በዚህ ታወቀ። ነገር ግን ወደ ጤና ጣቢያው የሚመጣው በሽታው የያዘው አዋቂ ነው፤ ገና ያልታመመው ወጣት የሚገኘው በትምህርት ቤት ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቤቶች ማገናኘት የግድ ሆነ።

በዚያው ዘመን በጎረቤት አገር በኡጋንዳ፣ በሶሮቲ ወረዳ፣ ከ1994 እስከ 1996 አንድ ሥራ ተሞክሮ ነበር። በዚያ ወረዳ የጤና ትምህርት ሹማምንትና የትምህርት ተቆጣጣሪዎች አዲስ መሥሪያ ቤት ሳያቋቁሙ፣ ነባሩን የትምህርት ቤት ጤና ትምህርት አጠናከሩ፤ ተማሪዎችም እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ መንገድ ከፈቱ። ዕድሜያቸው በአማካይ 14 ዓመት ከሆነ የመጀመሪያ ደረጃ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች መካከል የግብረ ሥጋ ግንኙነት ጀምረናል ያሉት በመጀመሪያ 42.9 ከመቶ ሲሆኑ፣ በኋላ በተጠየቁት ዘንድ ቁጥሩ ወደ 11.1 ከመቶ ወረደ። ይህ ውጤት ብዙዎችን አስደሰተ፤ ይሁን እንጂ የተመሠረተው ተማሪዎቹ ስለ ራሳቸው በተናገሩት ላይ ነበር። ትምህርት የተሰጠው ልጅ አኗኗሩን ለወጠ ወይስ አነጋገሩን ብቻ? ይህን ለመለየት ከቃል ሌላ ምስክር ያስፈልግ ነበር።

በምዋንዛ የተጀመረው ሥራ ይህንን ምስክር ለማግኘት የታሰበ ነው። ስሙም በስዋሂሊ ቋንቋ ሜማ ክዋ ቪጃና ተባለ፤ ለወጣቶች የሚበጅ ነገር ማለት ነው። 20 የገጠር ማኅበረሰቦች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ አሥሩ ትምህርቱንና አገልግሎቱን ወዲያው እንዲያገኙ፣ አሥሩ ደግሞ ለማነጻጸሪያ እንዲሆኑ ተደረገ። በ1998 መጨረሻ 9,645 ወጣቶች ተመዘገቡ፤ በ1999 ሥራው በ62 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በ18 የጤና ተቋሞች ተጀመረ። የተመዘገቡት 14 ዓመት የሞላቸው ነበሩ። በዚያ አገር ገጠር ብዙ ልጆች ትምህርት ዘግይተው ስለሚጀምሩ፣ በአምስተኛ፣ በስድስተኛና በሰባተኛ ክፍል ጎረምሶችና ኮረዶች ከትንንሾቹ ጋር በአንድ ወንበር መቀመጣቸው የተለመደ ነበር።

የሥራው አከፋፈል እንዲህ ነበር። አስተማሪዎች ሠልጥነው ከአምስተኛ እስከ ሰባተኛ ክፍል በየዓመቱ 12 ያህል ክፍለ ጊዜ ያስተምራሉ። ከየክፍሉ የተመረጡ ተማሪዎች በጨዋታና በትርኢት ያግዟቸዋል፤ አስተማሪው ሊናገረው የሚከብደውን ነገር ተማሪዎቹ በትርኢት ያሳያሉና። በጤና ጣቢያ ያሉ ሠራተኞች ደግሞ ወጣትን ሳይገሥጹ፣ ሳያሳፍሩ፣ ምስጢሩንም ሳያወጡ መቀበልን ተማሩ። ተማሪዎች ከክፍላቸው ጋር ሆነው ጤና ጣቢያውን ይጎበኛሉ፤ አንድ ጊዜ ከአስተማሪው ጋር ደጃፉን የረገጠ ልጅ ሲቸገር ብቻውን ለመምጣት አይፈራም ተብሎ ታስቧል። ኮንዶምን በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ማሳየት ስላልተፈቀደ፣ ይህ ድርሻ ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ውጭ ለጤና ሠራተኞችና ለሠለጠኑ የመንደር ወጣቶች ተሰጠ። ከዚህም በቀር በየዓመቱ የወጣቶች የጤና ሳምንትና የትምህርት ቤቶች ውድድር ይደረግ ነበር፤ ወላጅም ልጁ የሚማረውን በአደባባይ ያይ ነበር።

ይህ አሠራር ከአስተማሪ በኩል የሚጠይቀው ቀላል አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ነገር ግን በሽታን የሚያስደብቀው ኀፍረት ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም ነው። ሥራውን በቅርብ የተመለከቱ አጥኚዎች እንደ መዘገቡት፣ በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ጠዋት በዱላ የመታ አስተማሪ ከሰዓት በኋላ ልጆች የልባቸውን እንዲነግሩት ይጠይቅ ነበር። ከዚህም የከፋው፣ ከሴት ተማሪዎች ጋር ያልተገባ ግንኙነት ያላቸው አስተማሪዎች መኖራቸው በመንደሩ ይወራ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የታተመው መጽሐፍ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ተማሪዋ የምታነበው የአስተማሪውን ጠባይ ነው። የሙያውን ክብር የሚጠብቅ የመምህራን ማኅበር ስለዚህ ጉዳይ ዝም ማለት እንደማይገባው ከምዋንዛ የሚወሰደው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው።

ሦስት ዓመት ካለፈ በኋላ ወጣቶቹ ዳግመኛ ተጠየቁ፤ ደማቸውም ተመረመረ። የተማሩት ወጣቶች ዕውቀት ካልተማሩት በግልጽ በልጦ ተገኘ፤ ብዙ ዓመት የተማረውም ጥቂት ከተማረው ይልቅ የተሻለ ያውቅ ነበር። አስተሳሰባቸውም ተሻሽሏል፤ ስለ አኗኗራቸው የተናገሩትም በአንዳንድ ነገር ለውጥ አሳይቷል። ደሙ የተናገረው ግን ሌላ ነበር። በኤች አይ ቪ አዲስ በመያዝ ረገድ በሁለቱ ወገኖች መካከል እርግጠኛ ልዩነት አልታየም። የአባለ ዘር ቁስል የሚያስከትለው የሄርፒስ ቫይረስ በጠቅላላው በወንዶች 11.9 ከመቶ፣ በሴቶች 21.1 ከመቶ ላይ ተገኘ፤ በዚህም ትምህርቱ ያመጣው ልዩነት አልነበረም። በእርግዝናም ረገድ የተገኘው ከዚህ አይለይም።

ፍሬው ዘግይቶ ይታይ እንደ ሆነ ለማወቅ በ2007 እና በ2008 በእነዚሁ ማኅበረሰቦች ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 30 የሆኑ 13,814 ሰዎች ተመረመሩ። ዕውቀቱ ከትምህርት ቤት ከወጡ ከዓመታት በኋላም አልጠፋም፤ በዕድሜያቸው ከአራት በላይ ወዳጅ ነበረን የሚሉ ወንዶችም በጥቂቱ አንሰው ተገኙ። በኤች አይ ቪ የተያዙት ግን ከወንዶች 1.8 ከመቶ፣ ከሴቶች 4.0 ከመቶ ሲሆኑ፣ በተማሩትና ባልተማሩት መካከል እርግጠኛ ልዩነት አሁንም አልታየም።

ይህን የሚያነብ መምህር ድካሙ ከንቱ ነበርን ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱን ለማግኘት የተማሪዋን ኑሮ ከትምህርት ቤቱ በር ውጭ መከተል ያስፈልጋል። በሴቶቹ ላይ የተገኘው በሽታ ከወንዶቹ እጥፍ ያህል የሆነው ሴቶቹ ትምህርቱን ስላላወቁ አይደለም። ብዙዎቹ የሚቀርቧቸው ሰዎች በዕድሜ የሚበልጧቸው፣ ገንዘብ ያላቸውና በትምህርት ቤት ያልተቀመጡ ወንዶች ነበሩ። ሳሙናና ደብተር የሚገዛላት ያጣች ልጅ ስጦታ ሲቀርብላት የምትመርጠው በዕውቀት ብቻ አይደለም። ትምህርቱ ለልጅቱ ተነገረ፤ የሚያባብላት ጎልማሳ ግን በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ይህንንም የሚያስረዳ ነገር በምዕራብ ኬንያ ተገኘ። ከ2003 ጀምሮ በ328 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተደረገ ጥናት፣ አስተማሪዎችን ስለ ኤች አይ ቪ በብሔራዊው ሥርዓተ ትምህርት ማሠልጠን ብቻውን የልጃገረዶችን እርግዝና አልቀነሰም። ለስድስተኛ ክፍል ልጆች የደንብ ልብስ በነጻ መስጠት ግን ትምህርት የሚያቋርጡትን አሳነሰ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ያረገዙትን ልጃገረዶች ከ16 ከመቶ ወደ 13 ከመቶ አወረደ። በ2004 ደግሞ በ71 ትምህርት ቤቶች ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች በዕድሜ የሚበልጡ ወንዶች ከእኩዮቻቸው ይልቅ በኤች አይ ቪ የተያዙ ሆነው የመገኘታቸው ዕድል የላቀ መሆኑ በቁጥር ተነገራቸው። አጭር ትምህርት ቢሆንም የልጃገረዶቹ እርግዝና በ28 ከመቶ ቀነሰ። ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ አጠቃላይ ተግሣጽ ያልሠራውን፣ በልጅቱ ፊት ያለውን እውነተኛ ምርጫ የሚነካ ዕውቀት ሠራው።

በአገራችንም ከዚህ ጋር የሚስማማ ታሪክ አለ። ከ2004 እስከ 2006 በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለች የገጠር ቀበሌ ብርሃነ ሔዋን የተባለ ሥራ ሴት ልጆች በትምህርት ገበታ እንዲቆዩ የትምህርት መሣሪያ ሰጠ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለሚያቆዩ ቤተሰቦችም ማበረታቻ አደረገ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ልጆች ዘንድ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ከማነጻጸሪያው ቀበሌ እጅግ አንሶ ተገኘ። ደግሞም ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተመደቡት ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጤናን ከጣቢያው አውጥተው ወደ ቤትና ወደ ትምህርት ቤት እንዲያደርሱ የታሰቡ ናቸው። አስተማሪው የሚያቀርባቸው ቢሆን፣ ሁለቱን ቤቶች የሚያገናኝ ድልድይ በእጁ አለ።

የምዋንዛው ሥራ ከ2004 እስከ 2008 በእነዚያው ወረዳዎች አሥር እጥፍ ያህል ሰፍቶ ነበር፤ የሚመሩትም የወረዳው የትምህርትና የጤና መሥሪያ ቤቶች ራሳቸው ነበሩ። ሁለት መሥሪያ ቤቶች በአንድ ዕቅድ ሊሠሩ መቻላቸው በዚህ ተረጋገጠ። ሆኖም በዚያው አገር ያረገዘች ተማሪ ከትምህርት ቤት የምትሰናበትበት ልማድ ለብዙ ዓመታት ጸንቶ ኖረ። በሰኔ ወር 2017 ፕሬዚዳንት ማጉፉሊ የወለደች ልጅ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት አትመለስም ብለው በአደባባይ ተናገሩ፤ ይህም የተሻረው በኅዳር ወር 2021 ነው። እስከዚያ ድረስ ጤና ጣቢያው ምስጢርሽን እንጠብቃለን ሲላት፣ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ምስጢርሽ ቢታወቅ ትባረሪያለሽ ይላት ነበር። ሁለቱን ቃል በአንድ ጊዜ የሰማች ልጅ የምታምነው የሚያስፈራትን ነው።

እንግዲህ የዚህ ታሪክ ፍሬ ነገር ትምህርት አይጠቅምም የሚል አይደለም። ትምህርት የሚሰጠውን ዕውቀት ሰጥቷል፤ ዕውቀቱም ለዓመታት ጸንቷል። ነገር ግን ዕውቀት ብቻውን ድህነትን፣ የጎልማሳን ማባበልና የትምህርት ቤትን ዱላ ሊያሸንፍ አልቻለም። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። አስተማሪው ያስተምር፤ የጤና ሠራተኛው በሩን ይክፈት፤ የወረዳው ሹም ልጅቱ ከትምህርት ገበታዋ እንዳትነሣ ይጠብቅ፤ ሕግም የሚያባብላትን እንጂ እርሷን አይቅጣ። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል የሌሎቹ ድካም ይሳሳል። ይህን በቁጥር አስመስክረው ለጎረቤቶቻቸው ያስተላለፉት የምዋንዛ መምህራን፣ የጤና ሠራተኞችና ወጣቶች ናቸው።