የቀይ ባሕር ጠረፍ ቤቶች፦ የኮራል ግንብ፣ የእንጨት ፍርግርግና የነጭ ኖራ ታሪክ

በምጽዋ፣ በሰዋኪንና በጅዳ የድሮ ሰፈሮች የሚታዩት ነጫጭ ፎቅ ቤቶች በቀይ ባሕር ግራና ቀኝ ቢራራቁም በአንድ ጥበብ የተሠሩ ናቸው። ግድግዳቸው ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ ይገነባል፣ በኖራ ይለሰናል፤ መስኮታቸው ወደ መንገዱ ወጣ ባለ የእንጨት ፍርግርግ ይሸፈናል። ጥበቡ በኦቶማን ቱርኮች ዘመን ጎልቶ ወጣ፤ የስዊዝ ቦይ በ1869 ከተከፈተ በኋላ ከፍተኛ ደረጃ ደረሰ፤ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ደግሞ ሲሚንቶና ብረት ተኩት (ዓመቶቹ ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ቤታቸውን በባሕር ጠረፍ ስልት የሚያስጌጡ ሰዎች የሚመርጧቸው ነጭ ግድግዳ፣ ቀለም ያልሸፈነው እንጨት፣ የሰሌን ምንጣፍና ነፋስ የሚመላለስበት ክፍል በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ቀድሞም ነበሩ። እዚያ ግን አንዱም ለዓይን ብቻ ተብሎ አልገባም፤ ሁሉም ሙቀቱ፣ እርጥበቱ፣ ጨዉና የባሕር ንግዱ ያመጧቸው ነበሩ።

ወደቦቹና የአየር ጠባያቸው

ጅዳ የመካ በር ናት። በ647 ከሊፋ ዑስማን የመካ ወደብ እንድትሆን ካደረጓት ጀምሮ ሐጃጆችና ነጋዴዎች ሳያቋርጡ ሲገቡባትና ሲወጡባት ኖረዋል። ከባሕሩ ማዶ ሰዋኪን ወደ የብስ ዘልቆ በገባ የባሕር ሰርጥ መጨረሻ፣ ክብ በምትመስል ትንሽ ደሴት ላይ ተቆረቆረች። ምጽዋም የደሴት ከተማ ናት፤ የሰሜን ኢትዮጵያ ደጋ ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኝባት ዋና በር ሆና ለብዙ መቶ ዓመታት አገልግላለች። ኦቶማኖች በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሦስቱንም ወደቦች ያዙ፤ ምጽዋ በእጃቸው የገባችው በ1557 ነው። ከዚያ ወዲህ ሹማምንት፣ ነጋዴዎችና የእጅ ባለሙያዎች ከወደብ ወደብ ሲዘዋወሩ የግንባታ ልማዱም አብሯቸው ተዘዋወረ።

የአካባቢው አየር ለነዋሪው ከባድ ነው። ምጽዋ ውስጥ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን ሌሊቱም እምብዛም አይቀዘቅዝም። ከባሕሩ የሚነሣው እርጥበት ላብ እንዳይደርቅ ስለሚያደርግ ሙቀቱን ያብሰዋል። ዝናብ ጥቂት ነው፤ ትልቅ ዛፍም በአቅራቢያው አይገኝም። ስለዚህ ግንበኛው ሁለት ነገሮችን መፍታት ነበረበት፦ እንጨትና ጠንካራ የተራራ ድንጋይ በአቅራቢያው ሳይኖር ፎቅ ማቆም፣ እንዲሁም ትንሿን ነፋስ እንኳ ሳያባክን ወደ ቤት ማስገባት።

ከባሕር የወጣ ግንብ

ለመጀመሪያው ችግር መልሱ ባሕሩ ውስጥ ነበር። የኮራል ድንጋይ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በዘመናት የገነቡት ኖራማ አለት ነው። ከውኃው እንደወጣ ለስላሳ ስለሆነ በቀላሉ ይጠረባል፤ ከደረቀ በኋላ ይጠነክራል። በውስጡ ብዙ ቀዳዳ ስላለው ከሌላ ድንጋይ ይቀላል፣ ሙቀትም ቶሎ አያሳልፍም። ያው ኮራል በእሳት ሲቃጠል ኖራ ይሆናል፤ ስለዚህ ድንጋዩም፣ ማያያዣውም፣ ልስኑም የተገኙት ከአንድ ቦታ ነው። በምጽዋ አቅራቢያ ባለችው በዳህላክ ከቢር ደሴት ከዚሁ ዓይነት አለት ተፈልፍለው የተሠሩት የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያዎች የጠረፉ ሰው በኮራል መጠቀም የጀመረው ከኦቶማኖች እጅግ ቀድሞ እንደሆነ ያሳያሉ።

ኮራል ግን ደካማ ጎን አለው። ብዙ ክብደት ሲጫነው ይሰነጠቃል፤ በውስጡ የቀረው ጨውም እርጥበት እየሳበ ድንጋዩን ያፈራርሰዋል። ግንበኞች ክብደቱን ለመከፋፈል በግድግዳው ውስጥ በየተወሰነ ከፍታ አግድም እንጨት ያስገቡ ነበር። እንጨቱ ሸክሙን በእኩል ያዳርሳል፣ ግንቡ ሲሰምጥም ስንጥቁ ወደ ላይ እንዳይዘልቅ ይገታዋል፤ የተበላሸውን ክፍል ብቻ አፍርሶ መጠገንም ይቻላል። ከጨውና ከእርጥበት የሚከላከለው ደግሞ የኖራው ልስን ነበር። ልስኑ በየጊዜው መታደስ ነበረበት፤ ከተማዎቹ ዘወትር ነጭ ሆነው የሚታዩትም በዚህ ምክንያት ነው። ነጩ ቀለም በተጨማሪ የፀሐይን ጨረር እየመለሰ ግድግዳው እንዳይግል ያደርጋል። የቤቱን ባለቤት አቅም ለማሳየትም ልስኑ እርጥብ ሳለ በበሩ ዙሪያና በእልፍኙ ግድግዳ ላይ እርስ በርሳቸው የሚጠላለፉ ቅርጾች ይቀረጹበት ነበር።

ሮሻን፦ የቤቱ ዓይንና ሳንባ

የቀይ ባሕር ቤት ዋና መለያ ሮሻን ነው። ሮሻን ከግድግዳው ወጥቶ በመንገዱ ላይ የሚንጠለጠል ከእንጨት የተሠራ ትልቅ የመስኮት ሣጥን ሲሆን ከግማሽ ሜትር በላይ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ሰው ውስጡ ገብቶ መቀመጥ፣ ጋደም ማለትም ይችላል። ፊቱና ጎኖቹ በፍርግርግ ወይም በሚከፈቱና በሚዘጉ የእንጨት ቅጠሎች የተሸፈኑ ናቸው።

ሥራው ብዙ ነው። ከግድግዳው ወጣ ማለቱ በመንገዱ ላይ የሚነፍሰውን አየር ከሦስት አቅጣጫ ለመቀበል ያስችለዋል። ጥላው ከበታቹ ያለውን ግድግዳና ጠባቡን መንገድ ከፀሐይ ይከልላል። ፍርግርጉ የባሕሩን ነጸብራቅ ያለዝባል፤ የቤቱ ሴቶች ሳይታዩ መንገዱን እንዲያዩም ያስችላል። ውኃ የሚያጣራ ሸክላ እንስራ ነፋስ በሚያገኝበት በሮሻኑ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ በሸክላው ቀዳዳዎች የሚወጣው ውኃ ሲተን በውስጡ የቀረው ይቀዘቅዛል፣ የሚገባው አየርም በመጠኑ ይበርዳል።

ለሮሻን የሚሆን እንጨት በጠረፉ አይበቅልም። ጨውንና ምስጥን የሚቋቋመው ቲክ ከሕንድና ከደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ለጣሪያ ወራጅ የሚሆነው የማንግሮቭ እንጨት ደግሞ ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ በመርከብ ይመጣ ነበር። የክፍሉ ወርድም ወራጁ ከሚደርስበት ርዝመት አያልፍም፤ ስለዚህ ክፍሎቹ ጠበብና ረዘም ያሉ ሆኑ። የሮሻኑ ስፋትና የቅርጹ ረቂቅነት የባለቤቱን ሀብት ይናገር ስለነበር፣ ነጋዴው ከሩቅ አገር ያስመጣውን እንጨት በቤቱ ፊት ላይ ለሁሉ አሳየ።

የቤቱ ውስጥ

አቀማመጡ ከታች ወደ ላይ በሥርዓት የተደለደለ ነው። የምድር ቤቱ ለእንግዳና ለንግድ ነው፤ ዕቃ ማከማቻውና ወንዶች እንግዶች የሚቀበሉበት ዲዋን እዚያ ይገኛሉ። የቤተሰቡ መኖሪያ ነፋሱ ወደሚበረታባቸው የላይኛዎቹ ፎቆች ይወጣል። ጠፍጣፋው ሰገነት በሙቀቱ ወራት የሌሊት መኝታ ነው፤ ዙሪያው ጎረቤት እንዳያይ፣ ነፋስ ግን እንዲያልፍ ተብሎ ቀዳዳ ባለው አጥር ይከለላል።

የዲዋኑ ዕቃ ጥቂት ነው። ወለሉ በአንዱ በኩል ከፍ ተደርጎ መደብ ይሠራል፤ በላዩ ሰሌን፣ ከዚያ ምንጣፍና ትራስ ይነጠፋል። ቁም ሳጥን የለም፤ በወፍራሙ ግድግዳ ውስጥ የተፈለፈሉ መደርደሪያዎች ሳህኑን፣ የቡና ዕቃውንና የዕጣን ማጨሻውን ይይዛሉ። ልብስና ገንዘብ በእንጨት ሣጥን ይቀመጣል፤ መኝታው በገመድ ወይም በጠፍር የተወጠረ አልጋ ስለሆነ አየር ከሥሩ ያልፋል፣ ወደ ሰገነት ለማውጣትም ቀላል ነው። ከባድ መጋረጃና ጥቅጥቅ ያለ የቤት ዕቃ አየር ስለሚያፍን፣ በእርጥበትም ስለሚሻግት ቦታ አልነበረውም። በሐረር ግንብ ውስጥ ባሉት ባህላዊ ቤቶችም ደረጃ ደረጃ የሆኑ መደቦችና የግድግዳ መደርደሪያዎች ዋና ጌጥ ናቸው።

የእንፋሎት መርከብ ዘመን

በ1865 ገደማ ሰዋኪንና ምጽዋ በግብፅ አስተዳደር ሥር ገቡ። ከአራት ዓመት በኋላ የስዊዝ ቦይ ሲከፈት የእንፋሎት መርከቦች በቀይ ባሕር በብዛት መመላለስ ጀመሩ፤ ንግዱ ሲሰፋ ቤቶቹም አደጉ። በጅዳ ከአምስት ፎቅ በላይ የሆኑ ቤቶች ተነሡ። ከእነዚህ ስመ ጥር የሆነው በ1872 ተጀምሮ በ1881 የተጠናቀቀው የነሲፍ ቤት ነው፤ ንጉሥ አብዱልአዚዝ በ1925 ጅዳ ሲገቡ ያረፉት እዚያ ነበር። በምጽዋ ግብፅን ወክሎ ያስተዳድር የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ቨርነር ሙንዚንገር ደሴቶቹን ከየብስ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ መንገድ አሠራ፤ ከእነዚሁ አንዷ በሆነችው በጥዋለት ደሴት ላይም ቤተ መንግሥት ተሠራ። በዚህ ዘመን መስኮቶች ሰፉ፣ ጥቅጥቅ ያለው ፍርግርግ በአየር ማስገቢያ መዝጊያዎች እየተተካ ሄደ፣ ሰገነቶችም ተከፈቱ።

ጣሊያኖች በየካቲት 1885 ምጽዋን ሲይዙ ከባሕሩ ፊት ለፊት ቅስት ያላቸው በረንዳዎችን ጨመሩ። በ1921 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማይቱን ክፉኛ ጎዳት፤ ሲጠገን ግን የኦቶማን፣ የግብፅና የጣሊያን አሠራር በአንድ መንገድ ላይ ጎን ለጎን ቆመ። የጥዋለቱ ቤተ መንግሥት በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የቀዝቃዛ ወራት ማረፊያ ሆነ።

መፍረስና መትረፍ

ለሰዋኪን መጥፊያዋ ሌላ ወደብ ሆነ። ፖርት ሱዳን በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲቆረቆር ነጋዴዎቹ ለቀው ሄዱ። ሰው በሌለበት ቤት ኖራውን የሚያድስ አልነበረም፤ ልስኑ ሲረግፍ ጨዉና እርጥበቱ ኮራሉን በሉት፣ ደሴቲቱም የፍርስራሽ ክምር ሆነች። ቤቶቹ ምን ይመስሉ እንደነበር የምናውቀው በአብዛኛው ዣን ፒየር ግሪንሎ ሳይወድቁ ለክቶና ሥሎ በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ ነው።

ጅዳን ያሰጋት ብልጽግና ነው። በ1947 የከተማይቱ ቅጥር ፈረሰ፤ ባለጸጎች በሲሚንቶ ወደተሠሩና አየር ማቀዝቀዣ ወደተገጠመላቸው ቪላዎች ወጡ፤ አሮጌዎቹ ቤቶች ተከራይተው ያለ እድሳት ቀሩ። በ1970ዎቹ ከንቲባው ሞሐመድ ሰዒድ ፋርሲ የጥበቃ ሥራ አስጀመሩ፤ በ2014 አሮጌው ጅዳ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገባ። ምጽዋን ደግሞ ጦርነት ጎዳት፦ በየካቲት 1990 በተካሄደው ውጊያና ከዚያ በተከተለው የአየር ድብደባ ቤተ መንግሥቱን ጨምሮ ብዙ የድሮ ግንቦች ተመቱ፤ አንዳንዶቹም እስከ ዛሬ ሳይጠገኑ ቆመዋል።

ዛሬ ኮራል ከባሕር ማውጣት ለባሕር ሕይወት ጎጂ መሆኑ ስለታወቀ ጥንታዊው ግንብ እንደ ቀድሞው ሊሠራ አይችልም፤ መሠራትም የለበትም። ጥበቡን መከተል ግን ይቻላል። በሙቅና እርጥብ ጠረፍ ቤቱን የሚያስጌጥ ሰው ከመልሕቅ ሥዕልና ከዛጎል ይልቅ የሚጠቅሙት ትይዩ የሆኑ መስኮቶች፣ ፀሐይ የሚከልልና ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት ፍርግርግ፣ ግድግዳውን የሚያስተነፍስ ኖራ፣ ቀላልና ዝቅተኛ የቤት ዕቃ እንዲሁም ሰሌን ናቸው። በሲሚንቶ የታሸገ የኮራል ግንብ እርጥበቱን አምቆ ስለሚፈርስ፣ ለተረፉት ቤቶችም መድኃኒቱ ያው ጥንታዊው ኖራ ነው። የጠጋኞችን እጅ ያህል የሚያስፈልገው ደግሞ በየዓመቱ ኖራውን የሚያድስ ነዋሪ ነው።