ሁለት ጨዋታ ተጫውቶ የወረደው ሰውና ነፃው ሜዳ

በ1971 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ጆን ያንግ የሚባል የሎስ አንጀለስ ልጅ ለዲትሮይት ታይገርስ ተሰለፈ። በዋናው የአሜሪካ ቤዝቦል ሊግ የተጫወተው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነው። አራት ጊዜ ዱላ ይዞ ቆመ፤ ሁለቱ ተሳኩለት። ከዚያ በኋላ ተጫዋች ሆኖ እዚያ ሜዳ ላይ አልታየም።

እንጀራው ግን ከቤዝቦል አልወጣም። ተጫዋች መልማይ ሆነ። ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት እየዞረ ልጆችን ማየት፣ መመዘን፣ ለክለብ ማሳወቅ ሥራው ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ሳለ ነው በ1980ዎቹ አጋማሽ አንድ ነገር ያስደነገጠው። እሱ ካደገበት ከደቡብ ሎስ አንጀለስ የሚመለመል ልጅ እየጠፋ ነበር።

ይህ ሰፈር እንዲህ ያለ ሰፈር አልነበረም። ጥቁሮችን ከሊጉ ውጭ ያቆየውን ግድግዳ በ1947 የሰበረው ጃኪ ሮቢንሰን ያደገው ከከተማዋ አጠገብ ፓሳዲና ውስጥ ነው። ኤዲ መሪና ኦዚ ስሚዝ፣ ሁለቱም ኋላ የዝና አዳራሽ የገቡ፣ የዚያው ሰፈር የሎክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ልጆች ናቸው። በ1980 ከመላ አገሪቱ በአንደኛነት የተመረጠው ዳሪል ስትሮውቤሪም የክሬንሾ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር። ታዲያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ተፈጠረ?

የተለመደው መልስ «ጥቁር ልጆች ወደ ቅርጫት ኳስ ሄዱ» የሚል ነው። ግማሽ እውነት ነው። ልጆቹ ሄዱ ከማለት በፊት ሜዳው የት እንደሄደ መጠየቅ ይሻላል። የካሊፎርኒያ መራጮች በ1978 የንብረት ግብርን የሚገድብ ሕግ አጸደቁ። የሕዝብ ትምህርት ቤቶችና መናፈሻዎች በጀት ተመታ። እኛ አገር ልጅ በጨርቅ ኳስ መንገድ ላይ ይጫወታል፤ ቤዝቦል ግን ጓንት፣ ዱላ፣ የተስተካከለ ሰፊ ሜዳ፣ አሠልጣኝና ዳኛ ይፈልጋል። ላይ ደግሞ ክራክ የሚባለው ኮኬይንና የወሮበላ ቡድኖች ጦርነት ተጨመረ። አንድ ልጅ ሜዳ ለመድረስ የሌላውን ቡድን መንደር ማቋረጥ አለበት። የኮሌጁም ስሌት ለድሃ ቤተሰብ አይመችም ነበር። ለብዙ ዓመታት በሠራው ደንብ አንድ ትልቅ ኮሌጅ ለአሜሪካን ፉትቦል 85 ሙሉ የነፃ ትምህርት ዕድል ሲሰጥ፣ ለቤዝቦል የሚፈቀድለት 11.7 ብቻ ነበር፤ እሱንም ለመላው ቡድን ቆራርሶ። ቅርጫት ኳስና ፉትቦል የመረጠ ልጅ ተሳስቷል ሊባል አይችልም።

ያንግ በ1989 በዚሁ ሰፈር «ቤዝቦልን በከተማ ውስጥ መንደሮች ማነቃቃት» የሚል ነፃ ፕሮግራም ጀመረ። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ አር ቢ አይ ነው፤ በቤዝቦል ቋንቋ ይኸው ምህጻር አንድ መቺ ጓደኞቹን ወደ ቤት አስገብቶ ያስመዘገበው ነጥብ ማለት ነው። ስያሜው ብልህ ነው። ትኩረቱ በአሥራዎቹ ዕድሜ ያሉ ልጆች ነበሩ። ወሮበሎቹም የሚመለምሉት በዚሁ ዕድሜ ነውና ያንግ ከእነሱ ጋር እሽቅድምድም ገጠመ ማለት ይቻላል። ከሁለት ዓመት በኋላ የሊጉ ጽሕፈት ቤት ፕሮግራሙን ተረክቦ ወደ ሌሎች ከተሞች አስፋፋው። ደቡብ ሎስ አንጀለስ በ1992 ነዶ የዓለም ካሜራ ሁሉ ሲዞርበት፣ የያንግ ሜዳ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ፍሬም ታየ። በ2007 የአንደኛው ሊግ ምርጥ ወርዋሪ የተባለው ሲሲ ሳባቲያና በዚያው ዓመት የሌላኛው ሊግ ኮከብ ተጫዋች የሆነው ጂሚ ሮሊንስ ሁለቱም በአር ቢ አይ ያለፉ የካሊፎርኒያ ልጆች ናቸው። ሳባቲያ በ2019 ጡረታ ወጥቶ፣ በ2020 ጥቁር ተጫዋቾች ካቋቋሙት «የተጫዋቾች ኅብረት» መሪዎች አንዱ ሆኗል።

ደስ የማይለው ቁጥር ግን አለ። በ1991 ከሊጉ ተጫዋቾች 18 በመቶ ያህሉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ በ2024 መክፈቻ ላይ 6 በመቶ ብቻ። በ2022 የፍጻሜ ውድድር አንድም አሜሪካ የተወለደ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም፤ ከ1950 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ፕሮግራሙ ከሸፈ የሚሉ አሉ። ይህ ፍርድ የያንግን ሥራ በማይገባው ሚዛን ይመዝናል። ነፃው ሜዳ እየተስፋፋ ሳለ ከጎኑ ሌላ ገበያ ደራ። ቤተሰብ በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፍሎ ልጁን ከግዛት ግዛት የሚያዞርበት የግል ቡድን መጣ። መልማዮችም ዓይናቸውን ወደዚያ መለሱ። ልጁ በነፃ ይጀምራል፤ የሚታይበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ግን ይከፈልበታል።

ሊጉ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። በ2006 በኮምፕተን፣ ከያንግ ሰፈር አጠገብ፣ ነፃ አካዳሚ ከፈተ። ከልጅነቱ እዚያ የሠለጠነው ሃንተር ግሪን በ2017 ከአገሪቱ ሁለተኛ ሆኖ ተመረጠ። በ2022 ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ተመራጮች አራቱ ጥቁሮች ነበሩ፤ አራቱም በሊጉ ነፃ ሥልጠናዎች ያለፉ። ያንግ ይህን አላየም፤ በ2016 አርፏል። በ2025 መክፈቻ ላይ የጥቁር ተጫዋቾች ድርሻ 6.2 በመቶ ሆነ።